በጽዮን ቀን የቆረጥኩት ቀርከሃ

ቀኝ እጄ ላይ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ የሚወርድ ጠባሳ አለ። ቀርከሃ ስሰነጥቅ ቢላዋው አምልጦኝ የገባበት ነው። በእኛ ሥራ እጁ ያልተቆረጠ ሰው የለምና መጀመሪያ ላይ አልደነገጥኩም፤ በጨርቅ አሰርኩትና የጀመርኩትን ወንበር ጨረስኩ። በሳምንቱ እጄ እንደ ዳቦ አበጠ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ አገላብጦ አየውና፣ መድኃኒቱ በሦስት ቀን ካልሠራ ጣቶቼን ማትረፍ እንደማይቻል ነገረኝ። ጨዋ ሰው ነበር። ምን ሠርቼ እንደምበላ አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ቀን ተሳልኩ። እኛ አገር ሰው ሲሳል ጃንጥላ ነው፣ ሻማ ነው፣ ምንጣፍ ነው፤ ያለው ወይፈን ይሳላል። እኔ ግን ትኩሳቱ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ፣ “ይህን እጅ ከተውክልኝ የአንድ ዓመት ሥራውን ላንተ እሰጣለሁ፤ ለዘመዴ ሳይሆን ለማላውቀው ሰው፣ ውለታ ለማይመልስልኝ” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምነው ጃንጥላ ባልኩ ብያለሁ። እጄ ዳነ።

ስለቱን አራት ዓመት አሳደርኩት። ቤታችን ጥርባ የምትባል መንደር ነው፤ ቀርከሃው ከጓሯችን ይበቅላል፣ ከአባቴ ጋር ሠርተን እንጅባራ አስፋልቱ ዳር እንሸጣለን። አንድ ዓመት የቤታችን ጣሪያ ፈረሰ፤ አንድ ዓመት አባቴ ታመሙ፤ አንድ ዓመት መንገዱ ተዘጋ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። በየዓመቱ በደብራችን ንግሥ ቀን ግን፣ የእገሌ ስለት ሰመረ እየተባለ በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ ሰው ጀርባ ቆሜ አንገቴን እደፋ ነበር። እግዚአብሔርን እወደዋለሁ፤ ያኔ ግን ዓይኑን ማየት የማልችለው ሰው ሆኖብኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ወደ ባሕር ዳር የምታልፍ አንዲት ፈረንጅ፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት፣ በርጩማ ልትገዛ መኪናዋን አቆመች። ከገዛች በኋላ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ያህል ሥራዬን ስታይ ቆየች። በአስተርጓሚዋ በኩል እንደነገረችኝ፣ ማላዊ በሚባል አገር የክርስቲያን ማሠልጠኛ ትመራለች፤ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች የእጅ ሥራ ይማሩበታል። ግቢው በቀርከሃ የተሞላ ነው፤ ከአጥር ያለፈ ነገር የሚሠራበት ሰው ግን የለም። “አንድ ዓመት የሚያስተምር እንፈልጋለን። ከመኝታና ከምግብ በቀር ክፍያ የለውም” አለች፣ እያፈረች። ሌላ ሰው ክፍያ የለውም ሲባል ይተወዋል። እኔን የያዘኝ እሱ ነው። አራት ዓመት የሸሸሁት ነገር መኪና ተከራይቶ ደጄ ድረስ የመጣ መሰለኝ።

ነገሩ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ማላዊ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ ልጆች የሚያልፉበት አገር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ስለት የሚለውን ማንም አላመነኝም። “ለአንድ ዓመት በነጻ? እኛ ደግሞ ትናንት ተወለድን!” አለኝ አጠገቤ የሚሸጥ ጓደኛዬ። አባቴ ግን አመኑኝ። ብዙ ጊዜ በአገውኛ ነው የምናወራው፤ አባቴ ሲያወሩ አጭር ናቸው። “ስለት ከሆነ ሂድ። የተሳለው እጅህ ነው፤ አፍህ አይደለም። ብዙ አታውራ” አሉኝ።

የንስሐ አባቴ ያኔ ወደ ዳንግላ ተዛውረው ነበርና በሚኒባስ ሄጄ አስፈቀድኳቸው። “ሂድ፣ ስለትህን ክፈል። ጾምህን እንዳትለቅ። ጸሎትህን በክፍልህ አድርስ፤ የእነሱ ጸሎት ቤት ግን አትግባ” አሉኝ። እሺ አልኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ስወጣ እፎይ ብዬ ነበር፤ የከለከሉኝ ነገር ቀላል ነው ብዬ።

ከመስቀል በኋላ ሄድኩ። ጥቅምት ሲገባ ሥራ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ስድስት ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ በሁለት ምርኩዝ የምትሄድ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ አንዲት ሴት ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ የተሻለ ስለሆነ የምለውን ለሌሎቹ የምትተረጉመው እሷ ናት። እጇ ፈጣን ነው። ሌሎቹ አንዴ ሲሰነጥቁ እሷ ሦስቴ ሰንጥቃ ቁጭ ትላለች። ተሳስቼ ካየችኝም ዝም አትልም፤ “መምህር፣ ትናንት ሌላ ነበር ያልከው” ትላለች። እኔ ቁጡ ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን አናዳኛለች። ቆይቶ ግን ስድስቱን ሳይሆን እሷን እያስተማርኩ መሆኔ ገባኝ።

እሁድ እሁድ ሁሉም ወደየጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ፣ የጸሎት መጽሐፌን ይዤ ግቢው ውስጥ ያለ ማንጎ ሥር እቀመጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ወጥ ቤቷ ምግቧን የናቅኩባት መስሏት ብዙ ቀን አኩርፋለች። የቀረው ነገር ሁሉ ቀላል ነበር። ኅዳር እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

አባቴ ያስተማሩኝ ሕግ አለ፤ ቀርከሃ ከኅዳር ጽዮን እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ይቆረጣል፣ ከዚያ ውጭ የቆረጠ ለነቀዝ ቀለብ ሰፈረ። ይህን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ ነው የማውቀው። ስለዚህ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጸሎቴን አድርሼ ገጀራ ይዤ ወጣሁ። ዝናብ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አይቼዋለሁ፤ ዕውር አይደለሁም። ግን የጽዮን ዕለት ነው። እኛ ጋ ጽዮን ስትደርስ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፣ መሬቱም ደርቋል፤ ሕጉ በዓሉን የያዘው ለዚያ እንደሆነ መቼም አስቤ አላውቅም ነበር። በዓሉና በጋው ተለያይተው አይቼ አላውቅማ።

የግቢው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ቀርከሃውን ከሃያ ዓመት በላይ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ገጀራውን ሲያዩ ቆባቸውን አውልቀው መጡና ለምትተረጉምልኝ ሴት የሆነ ነገር ነገሯት።

“አሁን ውሃ እየጠጣ ነው፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ይቆይ ይላሉ” አለችኝ።

“እስከ መቼ?”

“እስከ ግንቦት፣ ሰኔ።”

በልቤ ቆጠርኩ። ከዓመቴ ስምንቱ ወር ባዶ እጄን ሊያልቅ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ያሳደርኩት ስለት አጥር ዳር ቁጭ ብዬ ዝናብ በማየት ሲያልቅ ታየኝ። “ንገሪያቸው፣ እኔ ቀርከሃ ሥር ነው የተወለድኩት” አልኳት። እሷ ትንሽ አመነታች፤ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ በሩ ሄዱ። አገሬ ቢሆን ሽማግሌ ተናግሮ እንደዚያ ሲመለስ ዝም ብዬ አላይም፤ ሮጬ ጉልበት እስማለሁ። እዚያ ግን እኔ ሰጪ ነበርኩ፣ እነሱ ተቀባይ። የሰጪ ሰው ጆሮ እንዴት እንደሚደፈን በራሴ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ግንድ ቆርጠን ጨረስን።

ክረምታቸውን ሙሉ ሠራን። የሴትየዋ ሥራ ያምር ነበር። በትንሣኤያቸው ሰሞን ስምንት ወንበር ለመንደሯ ጸሎት ቤት በስጦታ ሰጠች፤ የማሠልጠኛው መኪና አድርሶላት ተመለሰ። በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳለን፣ “እስከ ዛሬ ሰው ሲሰጠኝ ነው የኖርኩት። ለሰው ስሰጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው” አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም። ትልልቆቹ የመንደሩ ሰዎች ተቀምጠውባቸው ሲጸልዩ እሷ ኋላ ምንጣፍ ላይ ሆና ስታይ እንደዋለች ነገረችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ማታ ስጸልይ ስለቴን ያገባደድኩ ያህል ልቤ አብጦ ነበር።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሳምንት፣ ክፍሌ ውስጥ ካለው አግዳሚ ሥር ቢጫ ዱቄት አየሁ። ጠረግኩት። በማግሥቱም አለ። በጣቴ ነክቼ አየሁት፤ አወቅኩት። አግዳሚውን ሳንኳኳው ድምፁ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ነቀዝ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስጽፍ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ለማንም አልተናገርኩም። አግዳሚውን ከግቢው ጀርባ ወስጄ አቃጠልኩት። የማሠልጠኛውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያየሁ የባሰባቸውን ደበቅኩ። ስምንቱ ወንበሮች ከዚያው ቀርከሃ መሆናቸውን አውቃለሁ። ነቀዙ እነሱ ጋ እንዳይደርስ ጸለይኩ። ነቀዝ በጸሎት ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ ግን ጸለይኩ። ሁለት ወር እንደዚያ ሆንኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ ሰው እንዳያየኝ ፈራሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሰኞ ሴትየዋ ቀረች። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ቀረች። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ዘበኛ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ተማሪ አስከትለው መጡ። መንደራቸው ከእሷ ጋር አንድ ነው። እሁድ ዕለት በጸሎት መሃል አንዱ ወንበር ከአንድ ትልቅ ሰው ሥር ተሰባብሮ፣ ሰውየው ወድቀው ክንዳቸው ተጎድቷል። የቀሩት ወንበሮች ሲነሡ ከሥራቸው ዱቄት ሞልቶ ተገኘ። “ድሮስ ከእሷ እጅ ምን ደህና ነገር ይወጣል” ያለ ሰው ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የተረፈ ዕቃ አመጣች ብላ ተናገረቻት።

“እሷ ምን አለች?” አልኳቸው።

“ምንም።”

“ቀርከሃውን የቆረጠው እኔ መሆኔን አልተናገረችም?”

ተማሪው ጠይቆ መልሱን ነገረኝ፤ “መምህር አይከሰስም ብላለች።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕይወቷ አንዴ ሰጠች፤ ስጦታዋን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። ስሟ እንደዚያ ጠፍቶ ከቀረ በዚያች መንደር ሌላ ወንበር የሚቀበላት፣ ሌላ ሥራ የሚያምናት ሰው የለም። ዓመቴ ሊያልቅ ደግሞ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ነው።

ደብዳቤ ልጻፍ አልኩ። ሽማግሌው፣ “ማን ያነበዋል? እሁድ ሰው ሁሉ እዚያ ነው” አሉ። እዚያ ማለት ውስጥ ነው። የንስሐ አባቴ ቃል ትዝ አለኝ። ደውዬ እንዳልጠይቃቸው አገር ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ ለራሴ መላ አበጀሁ፤ እሁድ ሄጄ በር ላይ እጠብቃለሁ፣ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ፣ እኔም ቃሌን አላፈርስም።

ሄድኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዉ ግር ብሎ ወጣ። ልጆች ይሮጣሉ፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ፣ ሁሉም እጄን እየጨበጠኝ ያልፋል። ቆሞ የሚሰማ የለም። አንድ ሁለቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷ በጎን በር በምርኩዟ ወጥታ፣ ማንም ሳያናግራት፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ አየኋት። በዚያ ጧት የነበረኝ ወኔ ተሟጠጠና ተመለስኩ። ያን ሳምንት ለራሴ እንኳ አስጠላሁ። ያዋረዷት ውስጥ ነው፤ እኔ ደጅ ሆኜ በሹክሹክታ ላነሳት ነው የፈለግኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ገባሁ። በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። እነሱ አያወልቁም። ካልሲዬ ተቀዶ ስለነበር ሰዉ መጀመሪያ ያየው አውራ ጣቴን ነው፤ ልጆች ሳቁ። መናገር እንደምፈልግ ለሰባኪው በምልክት አስረዳሁት፤ እሱም እንግሊዝኛ ያውቃልና አጠገቤ ቆሞ ሊተረጉምልኝ ተስማማ። ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተከምረዋል። እሷ ኋላ ምንጣፍ ላይ ናት፤ ራሷን እየነቀነቀች አትናገር ትለኛለች።

“ወንበሮቹን የሠራችው እሷ ናት” አልኩ። “ሥራዋ ልክ ነው፤ ከቋጠሮዋ አንድም አልተፈታም፣ ሄዳችሁ እዩት። የተበላሸው ቀርከሃው ነው። ቀርከሃውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሁን አትቁረጥ ተብዬ ነው የቆረጥኩት። ነቀዙን ካየሁ በኋላም ሁለት ወር ዝም ብያለሁ። እናንተንም እሷንም በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።”

ሰባኪው ተርጉሞ ሲጨርስ፣ ክንዳቸውን በጨርቅ ያንጠለጠሉ አንድ ሰው ተነሡ። የወደቁት እሳቸው መሆናቸውን አወቅኩ። እኔን ግን አላዩኝም። ወደ ጥጉ ሄደው አንዱን ወንበር በደህና እጃቸው ገለበጡና ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እሷን የሆነ ነገር ጠየቋት። እሷም መለሰች። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

“ምን ይላሉ?” አልኩት ሰባኪውን።

“ታዲያ ቀርከሃ የሚቆረጠው መቼ ነው ብለው ጠየቋት። አሁን ነው፣ በዚህ ወር፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ወንዝ ውስጥ ይነከራል አለች። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሏት።”

ሰኞ ጠዋት አሥር የመንደሩ ወንዶች ገጀራ ይዘው መጡ። የትኛውን እንቁረጥ ብለው የጠየቁት እሷን ነው። እሷም ሽማግሌው ዘበኛ ጎን በምርኩዟ ቆማ፣ ሁለቱ እየተማከሩ፣ ይህን፣ ያን አይደለም፣ ያ ልጅ ነው እያለች ታሳያለች። እኔ ግንዱን ተሸክሜ ወደ ወንዙ አወርዳለሁ፣ ውሃ እንዳይወስደው ድንጋይ እጭንበታለሁ። አንድ ቀን ድንጋዩን አሳስቼ ጭኜ፣ “መምህር፣ እንደዚያ አይደለም” ብላ ጮኸችብኝ። አወረድኩና እንዳለችው ጫንኩት። ከዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ያ ሸክም ነው።

ዓመቴ ሲያልቅ ቀርከሃው ከውሃ ወጥቶ ጥላ ሥር እየደረቀ ነበር። አንዱንም ወንበር ሲያልቅ አላየሁም። በእጄ ሠርቼው ደህና ሆኖ የቀረ አንድም ዕቃ እዚያ አገር የለም።

እንጅባራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ዳንግላ ወረድኩ። የንስሐ አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጽዮንን ቀን፣ ሽማግሌውን፣ ዱቄቱን፣ ሁለቱን ወር፣ መግባቴን። “ቃልዎን አፍርሻለሁ አባ። ስለቱም የሰመረ አይመስለኝም” አልኳቸው።

“ሴትየዋ ስሟ ተመለሰላት?” አሉኝ።

“አዎ፣ ተመልሶላታል።”

የአርባ ቀን ጾምና በየቀኑ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ከብዶኛል፤ ግን የጠበቅኩት ነበርና ተቀበልኩ። ልነሳ ስል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

“ይኼን ስለ መግባትህ የሰጠሁህ እንዳይመስልህ” አሉኝ። “እሱን እኔም እጸልይበታለሁ። ይኼ ስለ ሽማግሌው ነው። ቆቡን አውልቆ መጥቶ ሲነግርህ፣ ልጄ፣ ማን የላከው መስሎህ ነበር?”